የክትባት ትኩሳት የራሱ ሰዓት አለው

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ የተከተበ ሕፃን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ መነጫነጭ ይጀምራል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ገላው ይግላል፤ ሌሊቱን ቤተሰቡ በየተራ እያቀፈው ያነጋል። በማግስቱ ከሰዓት ይሻለዋል፣ በሦስተኛው ቀን ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ይህ በ6ኛው ሳምንት የሚጀመረው የፔንታ ክትባት ትኩሳት ነው። ሌላ ልጅ በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ወስዶ ሳምንቱን ሙሉ ሲጫወት ከሰነበተ በኋላ በ8ኛው ቀን ይተኩሳል። ያም የክትባት ትኩሳት ነው፤ ነገር ግን ያኔ ክትባቱን የሚያስታውሰው የለም። ሦስተኛው ልጅ ፔንታ በወሰደ በ4ኛው ቀን ይተኩሳል፤ ቤተሰቡም “ክትባቱ ነው” ብሎ ዝም ይላል። ይኸኛው ግን ክትባቱ አይደለም።

ልጅ ከክትባት በኋላ ሲተኩስ ሰው ሁሉ በቀጥታ ወደ መድኃኒቱ ይሄዳል፦ ምን ይሰጠው፣ ስንት ይሰጠው? ከዚያ በፊት መመለስ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ከተከተበ ስንት ሰዓት ሆነው? ዕድሜውስ ስንት ነው? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የያዘ ሰው አብዛኛውን ነገር ለይቷል። የክትባቱ ትኩሳት ራሱ ሕፃን የሚጎዳበት ጊዜ እምብዛም ነው። ጉዳት የሚመጣው ሌላ ሕመም በክትባት ስም ሲታለፍ ወይም ማስታገሻው ከልክ በላይ ሲሰጥ ነው። ሦስተኛም አለ፤ በዚያች ሌሊት የተማረረች እናት ቀጣዩን ቀጠሮ ስትተወው።

ይህ ሦስተኛው ተራ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ያጠናቀቁት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። 19 በመቶዎቹ አንድም ክትባት አልወሰዱም። በመካከል የቀሩት፣ ከሦስት ልጆች ከአንድ በላይ የሚሆኑት፣ ጀምረው ያልጨረሱ ናቸው። ለማቋረጥ ርቀቱም፣ የእናቶች የሥራ ብዛትም፣ የክትባት ማለቅም ምክንያት ይሆናል። “ባለፈው ጊዜ አሳመመብኝ” የሚለውን ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደጋግመው ይሰሙታል። ትኩሳቱ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ቀድሞ የተነገራት እናት ያችን ሌሊት በሌላ ልብ ታሳልፋለች። ክትባት ሰጪው ቀጠሮውን ካርዱ ላይ ሲጽፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር መጨመር ብዙ አያስወጣውም።

ፔንታው ለምን ያተኩሳል?

በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው ፔንታ በአንድ መርፌ አምስት በሽታዎችን ይከላከላል፦ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢን፣ እንዲሁም ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመጣውን ሂብ የተባለ ባክቴሪያ። ከአምስቱ በዋናነት የሚያተኩሰው የትክትኩ ነው። እኛ አገር በሚሰጠው ፔንታ ውስጥ ያለው የተገደለው የትክትክ ባክቴሪያ እንዳለ፣ ከነግድግዳው ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ኢንዶቶክሲን የሰውነትን ተከላካይ ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ እነሱ የሚለቁት መልእክት ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋል፤ ይህም አንጎል ውስጥ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ ያደርገዋል። ፓራሲታሞል ጣልቃ የሚገባው መጨረሻው ላይ ነው፤ ፕሮስታግላንዲኑን ይቀንሳል እንጂ መነሻውን አይነካም።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ እንዲህ ያለውን ክትባት ከሚወስዱ ሕፃናት እስከ ግማሽ የሚደርሱት ከ38 ዲግሪ በላይ ሊተኩሱ ይችላሉ። ግማሽ ማለት ብዙ ነው፤ ትኩሳቱ የሚጠበቅ እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም ማለት ነው። አሜሪካ ከ1990ዎቹ መጨረሻ፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጡት የትክትክ ክትባት የባክቴሪያው የተመረጡ ክፍሎች ብቻ ያሉበት ነው፤ ስለዚህ ያተኩሳል፣ ግን ያነሰ። ዋሽንግተን ያለች እህት “የኔ ልጅ ምንም አልሆነም” ስትል፣ አዲስ አበባ ያለችው የራሷ ልጅ ለምን እንደተኮሰ ቢገርማት መልሱ ይኸው ነው። የኛው ክትባት የወረደ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ሙሉው ባክቴሪያ ያለበት የትክትክ ክትባት የሚሰጠው መከላከያ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ሰዓቱን መቁጠር

የፔንታ ትኩሳት ብዙ ጊዜ በተከተበበት ዕለት ይጀምራል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልመጣ የመምጣቱ ነገር ይቀንሳል። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። አብሮ በሌላው ጭን የሚሰጠው የሳንባ ምች ክትባትም በዚያው ሰዓት ያተኩሳል፤ በ14ኛው ሳምንት የሚጨመረው የፖሊዮ መርፌ ግን ያን ያህል አይደለም። የፖሊዮና የሮታ (የተቅማጥ መከላከያ) ጠብታዎች ትኩሳት ማምጣታቸው እምብዛም ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ወሰን 48 ሰዓት ነው። ከ48 ሰዓት ያለፈ፣ ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ የጀመረ ትኩሳት ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል።

ኩፍኝ ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም በሕይወት ያለ፣ የተዳከመ ቫይረስ ነው። መጀመሪያ ሰውነት ውስጥ መራባት አለበት። ስለዚህ ትኩሳቱ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል፣ ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ላይ ይታያል፣ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ጥቂቶቹ ላይ ቀላል ሽፍታም አብሮ ይወጣል። በ9 ወርና በ15 ወር የተከተበ ልጅ ካርድ ሲታይ ከቀኑ ላይ አንድ ሳምንት ጨምሮ ማሰብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሲወለድ ክንዱ ላይ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ፣ ቢሲጂ፣ አያተኩስም። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ቦታው ላይ ትንሽ እብጠት ይወጣል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳ ትቶ ይድናል፤ ያ ጤነኛ ሂደት ነው፣ ምንም አይቀባበትም። ስለዚህ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተኮሰን ልጅ “ቢሲጂው ነው” ማለት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። በዚያ ዕድሜ ትኩሳት ማለት ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የደም መመረዝ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የ6ኛው ሳምንት ጣጣ

እዚህ ጋ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፔንታ የሚሰጠው በ42ኛው ቀን ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ደግሞ ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በብብት ተለክቶ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ፣ ከባድ የባክቴሪያ ሕመም ሊሆን ይችላል ብሎ ይመድበዋል። ማለትም ብዙ ሊያተኩስ የሚችለው የመጀመሪያው ክትባት የሚያርፈው ትኩሳት በጣም በሚያስፈራበት ዕድሜ ላይ ነው። ክትባቱ ይዘግይ ማለት አይቻልም፤ ትክትክ ከሁሉ በላይ የሚገድለው የመጀመሪያዎቹን ወራት ሕፃናት ስለሆነ ነው ቶሎ የሚሰጠው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሕፃኑ ሁለት ወር ካልሞላው ቤት ውስጥ ብቻ አይወሰንም። በተከተበ ማግስት 37.5 ወይም 37.8 ሆኖ፣ እንደ ወትሮው እየጠባ፣ ሲነኩት እየነቃና ጮክ ብሎ እያለቀሰ ከሆነ የሚያስሮጥ ባይሆንም ለጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ማሳየት ይገባል። 38 ከደረሰ፣ ወይም ትኩሳቱ ምንም ያህል ይሁን መጥባት ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ፣ ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳይውል ሳያድር ይወሰድ። ሌሊትም ቢሆን። በዚህ ዕድሜ ፓራሲታሞል የሚሰጠው ባለሙያ ካዘዘው ብቻ ነው፤ ሽሮፕ ሰጥቶ “እስቲ ይውረድለት እንደሆን” ብሎ መጠበቅ ምልክቱን መደበቅ ነው።

በአሜሪካና በእንግሊዝ ያሉ ሐኪሞችም ይህን ያውቃሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ8 እስከ 60 ቀን ላሉ የሚተኩሱ ሕፃናት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በ48 ሰዓት ውስጥ የተከተቡትን ለብቻቸው አውጥቷቸዋል፤ ለእነሱ ሚዛኑ የተለየ ስለሆነ። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የሚነገረው የተከተበበት ቀንና ሰዓት ነው፤ ከተቻለም ካርዱ ይያዝ።

መለካት

“ግንባሩ ይፋጃል” መለኪያ አይደለም። እጇ የቀዘቀዘ አያት ሁሉንም ልጅ ትኩስ ታደርገዋለች። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። ብብቱን በደረቅ ጨርቅ ማበስ፣ ጫፉን የብብቱ መሃል ላይ ማድረግ፣ ክንዱን ገላው ላይ ገጥሞ መያዝ፣ ድምፅ እስኪያሰማ መጠበቅ። የሜርኩሪው ብርጭቆ ከሆነ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ከመጀመሩ በፊትም ወደ ታች ይራገፍ። የብብት ልኬት ከውስጥ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በኮሮና ጊዜ የተስፋፋው ግንባር ላይ የሚጠቆመው መሣሪያ ለሕፃን አያስተማምንም፤ ጥርጣሬ ካለ በብብት ይደገም።

አንድ የኛ አገር ወጥመድ አለ። ልጁ በፎጣ፣ በላዩ በብርድ ልብስ፣ በላዩ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲለካ 37.8 ያሳያል። ይህ ጥቅልሉ ያመጣው ሙቀት ሊሆን ይችላል። ገልጦ፣ አንድ ስስ ልብስ ብቻ አልብሶ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ከወረደ ጥቅልሉ ነበር።

ቤት ውስጥ የሚደረገው

ዋናው ሕክምና ጡት ነው። ትኩሳት ውኃ ይጨርሳል፤ ሕፃኑ ደግሞ ደክሞት ትንሽ ትንሽ ስለሚጠባ ቶሎ ቶሎ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜና ከዚያም በላይ ማጥባት ያስፈልጋል። ስድስት ወር ካልሞላው ውኃም፣ የስኳር ውኃም፣ የአብሽ ውኃም አያስፈልገውም። ሽንቱን መከታተል ጥሩ ነው፦ ለ8 ሰዓት ያህል ዳይፐሩ ደርቆ ከቆየ፣ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ አፉ ከደረቀ ፈሳሽ እያነሰው ነው።

ልብሱ ይቅለል፣ መስኮት ትንሽ ይከፈት። “ብርድ ይመታዋል” የሚለው ስጋት ከቅን ልብ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ የሚወጣው በገላው በኩል ስለሆነ በጋቢ ሲዘጋ ይጨምራል። ቀዝቃዛ ውኃ መንከርም አይረዳም፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ደም ሥሮቹ ይጠብባሉ፣ ውስጡ ይብስ ይሞቃል። በአልኮል ወይም በአረቄ ማሸት ደግሞ መርዝ ነው፤ በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ስኳሩን ሊያወርደው፣ ሊያደነዝዘው ይችላል። “ምች ነው” ተብሎ የሚጨመቀው የዳማ ከሴ ጭማቂ ለአዋቂ የለመደ ነገር ነው። በሕፃን አፍና አፍንጫ ሲንጠባጠብ ግን ወደ ሳንባ መግባቱ ያስፈራል፤ መጠኑንም የሚያውቅ የለም። እንጥል ማስቆረጥንና ግግ ማስወጣትን ማንሳት ባልወደድኩ፤ ነገር ግን ልጅ ተኩሶ ጡት እምቢ ሲል ዛሬም የሚታሰቡ ስለሆነ፦ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ከማምጣት ሌላ ፋይዳ የላቸውም።

መርፌው ያረፈበት ጭን ቀልቶና አብጦ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይበርዳል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ጨምቆ ለጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ያስታግሰዋል። አይታሽ፣ ቅቤ አይቀባ። አንዳንዴ ከቆዳው ሥር እንደ ባቄላ ፍሬ ያለ ጠጣር ነገር ለሳምንታት ይቆያል፤ የክትባቱን ኃይል ለመጨመር የሚገባው የአሉሚኒየም ጨው ያመጣው ነው፣ ራሱ ይጠፋል። ከ3ኛው ቀን በኋላ እየሰፋ፣ እየጋለና እየለሰለሰ ከሄደ ግን መግል ስለሚሆን ይታይ።

ፓራሲታሞሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል

መድኃኒት የሚሰጠው ልጁ ሲከፋው፣ ሲያመውና መጥባት ሲያቅተው ነው፤ ቁጥሩን ለማስተካከል ብቻ አይደለም። 38.2 ሆኖ እየጠባ የሚተኛ ልጅ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ሽሮፕ አይሰጠውም። የጤና ጣቢያዎቹ መመሪያም ከሁለት ወር በላይ ላለ ልጅ ፓራሲታሞል እንዲሰጥ የሚለው 38.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

መጠኑ በኪሎ ይሰላል እንጂ በዕድሜ አይደለም፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ ካስፈለገ በየ4 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ያልበለጠ፣ በድምሩም ለአንድ ኪሎ ከ60 ሚሊ ግራም ያላለፈ። ክብደቱ በተከተበበት ቀን ተመዝኖ ካርዱ ላይ ስላለ መገመት አያስፈልግም።

አሁን የ10 ሳምንት፣ 5 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። የሚገባው ከ50 እስከ 75 ሚሊ ግራም ነው። ጠርሙሱ ላይ “120 ሚ.ግ/5 ሚ.ሊ” ካለ 2.5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ያ 60 ሚሊ ግራም ነው። “125 ሚ.ግ/5 ሚ.ሊ” ቢሆንም ልዩነቱ ኢምንት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጠርሙሱ ሲቀየር ነው። ከዱባይ ወይም ከሪያድ በሻንጣ የመጣ ትንሽ የጠብታ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ “100 ሚ.ግ/1 ሚ.ሊ” ነው። ያችው 60 ሚሊ ግራም እዚህ 0.6 ሚሊ ሊትር ብቻ ናት። የቀድሞውን 2.5 ሚሊ ሊትር የለመደች እናት ከዚህ ያንኑ ብትቀዳ በአንድ ጊዜ 250 ሚሊ ግራም ሰጠች ማለት ነው፤ የልጁ የሙሉ ቀን ጣሪያ 300 ነው። ሁለተኛውን ስትደግም ጣሪያውን አልፋ ትሄዳለች። ከአሜሪካ የሚላከው ደግሞ “160 ሚ.ግ/5 ሚ.ሊ” ነው፤ ለ5 ኪሎ ልጅ 1.9 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። አሜሪካውያኑ ራሳቸው በዚህ መምታታት ተቸግረው ነው የተጠናከረውን ጠብታ በ2011 እ.ኤ.አ. ትተው ሁሉንም ወደ አንድ መጠን ያመጡት። ስለዚህ “ስንት ሚሊ ልስጠው?” ብሎ በስልክ የሚጠየቅ ሰው ቁጥር ከመናገሩ በፊት “ጠርሙሱ ላይ ምን ይላል?” ብሎ ይጠይቅ።

የአዋቂው 500 ሚሊ ግራም ኪኒን ሌላው አደጋ ነው። ሩቡ 125 ሚሊ ግራም ነው፤ 9 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይሆናል፣ ለ5 ኪሎው ግን እጥፍ ገደማ ነው። ግማሹማ ያው 250 ነው። ሩብ ብሎ መስበርም ግምት እንጂ ልክ አይደለም። በፊንጢጣ የሚገባውም ቢሆን መድኃኒቱ ውስጡ እኩል ላይሰራጭ ስለሚችል አይቆረጥም።

ጠርሙሱ ከመቀዳቱ በፊት በደንብ ይናወጥ፤ ካልተናወጠ መድኃኒቱ ከታች ይረጋና መጀመሪያ ቀን ውኃ፣ መጨረሻ ቀን ደግሞ ከልክ ያለፈ ይወጣል። የቤት ማንኪያ አይታመንም፤ ትልቁ የሾርባ ማንኪያ የሻዩን ሦስት እጥፍ ይይዛል። መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ጠይቆ በሱ መቅዳት፣ ወደ ጉንጩ ውስጠኛ ጎን ቀስ እያሉ ማፍሰስ ነው፤ ወደ ጉሮሮ አይገፋ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ ካለፈ እስከ ቀጣዩ የመስጫ ሰዓት ይጠበቃል። የተሰጠበት ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፍ። እናት በ12 ሰዓት ሰጥታ፣ አባት ሳያውቅ በ1 ሰዓት የደገመበት ቤት ብዙ ነው። የጉንፋን ሽሮፖችም ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስለሚኖር አብረው አይሰጡ፤ ለሕፃን በጭራሽ ባይሰጡ ይሻላል።

ከልክ በላይ ተሰጥቶ ከሆነ “ደህና ይመስላል” ብሎ መጠበቅ አይገባም። ጉበት መጎዳቱ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፤ ማርከሻው ደግሞ የሚሠራው ቶሎ ሲሰጥ ነው። ጠርሙሱን ይዞ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሌሎቹን መድኃኒቶች በአጭሩ፦ አይቡፕሮፌን ከ3 ወር በታች አይሰጥም፣ አሜሪካኖች ከ6 ወር በታችም አይፈቅዱም፤ እያስቀመጠው ወይም እያስመለሰው ላለ ልጅ ኩላሊት ይጎዳል። አስፕሪን ለልጅ የለም። ዲክሎፌናክ መርፌ ለሕፃን ትኩሳት አይወጋም። አንቲባዮቲክ ለክትባት ትኩሳት አይሠራም፤ የተረፈ አሞክሳሲሊን ማቃመስ ኋላ ሐኪሙ እውነተኛውን በሽታ እንዳያገኝ ያደርጋል።

ቀድሞ መስጠትስ?

“ከመከተቡ በፊት ሽሮፕ ልስጠው” የሚለው ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልስ ያለው ይመስላል። አዲስ አበባ “አይ” ሲባል፣ ለንደን ያለች ወላጅ ደግሞ “አዎ፣ ሦስት ጊዜ ስጪ” ትባላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው።

በቼክ ሪፐብሊክ 459 ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ፓራሲታሞል አስቀድሞ መስጠት የሚተኩሱትን ከ66 ወደ 42 በመቶ እንዳወረደ አሳየ። ከዚያው ጋር ግን ለሳንባ ምች፣ ለሂብ፣ ለዘጊ አናዳና ለመንጋጋ ቆልፍ የሚፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል ዝቅ ብሎ ተገኘ። አብዛኞቹ ልጆች አሁንም ከመከላከያው ደረጃ በላይ ነበሩ። ይሁንና ለሚያልፍ ትኩሳት ሲባል የክትባቱን ኃይል መቀነስ ምን ያደርጋል? የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. የክትባት ሕመምን ስለመቀነስ ባወጣው አቋም በአፍ የሚሰጥ ማስታገሻ በክትባቱ ጊዜ ወይም ቀድሞ እንዲሰጥ አልመከረም፤ ይልቅ ሕፃኑ ታቅፎ፣ ጡት እየጠባ ወይም ልክ ጠብቶ ሲያበቃ እንዲወጋ ነው የመከረው። ትኩሳቱ ከመጣ በኋላ መስጠት ከዚህ የተለየ ነው።

እንግሊዝ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚኒንጃይቲስ ቢ የተባለውን የማጅራት ገትር ክትባት ለሕፃናት ትሰጣለች። ይህ ከሌሎቹ ጋር ሲሰጥ ትኩሳቱ ከፍ ይላል፤ ተፈትኖም ፓራሲታሞል የዚህን ክትባት መከላከያ እንደማይቀንስ ታይቷል። ስለዚህ እዚያ 2.5 ሚሊ ሊትር ከ120ው ሽሮፕ እንደተከተበ ወዲያው፣ ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እየቆዩ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ይህ ክትባት በኛ መርሐ ግብር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የለንደን ዘመድ ምክር ለደብረ ብርሃን አይሠራም።

ሲንቀጠቀጥ

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ አንዳንድ ልጆች ሲተኩሱ ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይናቸው ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ይገታተራሉ። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ከ3000 ልጆች 1 ገደማ ላይ ይደርሳል፣ በዚያው በ2ኛው ሳምንት። ለወላጅ የሚያስፈራ ነው፤ አብዛኛው ግን ከ5 ደቂቃ በፊት ያቆማል፣ አንጎልም አይጎዳም። በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ሰዓት ማየት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ሽንኩርት ማስጠጋት፣ ውኃ መድፋት አይረባም። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከደገመው፣ ወይም ልጁ ከ6 ወር በታች ከሆነ በፍጥነት ሆስፒታል፤ ቶሎ ያቆመውም ቢሆን በዚያው ቀን ይታይ። ፓራሲታሞል መንቀጥቀጡን አይከላከልም።

በክትባቱ የማናሳብባቸው ምልክቶች

ከ3 እስከ 6 ወር ባለ ልጅ 39 የደረሰ ትኩሳት፣ ሁሉን የሚያስመልስ፣ ለማንቃት የሚያስቸግር፣ እርግብግቢቱ ያበጠ፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ያለው፣ ከ3 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ የሚጮህ፣ ወይም ድንገት ገርጥቶ የዛለ ልጅ፣ ሰዓቱ ከክትባቱ ጋር ቢገጥምም፣ ይወሰድ። ከ2000 ሜትር በታች ባሉ የወባ አካባቢዎች ደግሞ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የሚተኩስ ልጅ ትናንት ቢከተብም የወባ ምርመራ ይደረግለት። ጣት ወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚታይ ነገር በግምት አይተካም።

ባለሙያዎች ሁልጊዜ ሊያስቡት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መጥቶ በፈሳሽ የሚበጠበጥ ነው፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ወይም ቀኑ ሲያበቃ፣ የቱም ቢቀድም ይጣላል። ብልቃጡ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያግድ ነገር ስለሌለ፣ ለነገ የተቀመጠ ቅሪት ውስጥ ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። የኩፍኝ ክትባት ወስዶ በሰዓታት ውስጥ በከፍተኛ ትኩሳት፣ በትውከትና በተቅማጥ የወደቀ ልጅ ያመመው የኩፍኙ ክትባት ትኩሳት አይደለም፤ ያ ከ7ኛው ቀን ጀምሮ ነው የሚመጣው። በአስቸኳይ ይታከማል፤ ከዚያው ብልቃጥ የተከተቡት ሌሎቹም ልጆች በዚያው ቀን ይፈለጋሉ፣ ለወረዳውም ይነገራል።

ከተከተቡ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እዚያው መቆየትም ከትኩሳት ጋር ሳይሆን ድንገተኛ አለርጂ ቢመጣ ማከሚያው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ቀጣዩ ቀጠሮ

መተኮሱ፣ መነጫነጩ፣ ጭኑ ማበጡ ቀጣዩን ፔንታ አያስቀርም፣ አያዘገይምም። ቀላል ጉንፋን ይዞትም ይከተባል። የሚያስቀረው ሌላ ነው፦ ባለፈው ፔንታ በ3 ቀን ውስጥ የተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፔንታ አይሰጠውም፤ ሌሎቹ ክትባቶች ግን ይቀጥላሉ፣ የትክትክ ክፍል የሌለው አማራጭ ካለም ሐኪም ይወስናል። ለአንድ ክትባት ከባድ አለርጂ ያሳየ ልጅም ያንኑ አይደግምም።

ለዚህ ነው ካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ነገር መጻፍ የሚጠቅመው፤ ትኩሳቱ ስንት ሰዓት ላይ ጀመረ፣ እስከ ስንት ደረሰ፣ መቼ ተወው። በ10ኛው ሳምንት “ባለፈው አሞት ነበር” ሲባል ባለሙያዋ ካርዱን ገልጣ “ማታ 1 ሰዓት፣ 38.4፣ በማግስቱ ለቀቀው” የሚለውን ታነባለች፣ ሁለተኛውን ትወጋለች።